አባቴ ያጣመመው መንገድ

ቤት የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ በሩ ወዴት ይዙር የሚለው ግን ሺህ ነው። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ መካሪ አይጠፋም። የእኛ ቤት መካሪ የመጣው ከቻይና ነው።

አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ወደ ሐረር ተዛውሮ ከከተማው የግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ቤት እንደተከራየን፣ የቻይናዎችን የአትክልት ቦታ ሥርዓት ከአንድ መጽሔት ላይ አነበበ። ክፉ ነገር የሚሄደው በቀጥታ ነው፣ መታጠፍ አይችልም፣ ስለዚህ የግቢ መንገድ ጠመዝማዛ ይሁን ይላል። አባቴ በዚህ የሚያምን ሰው አልነበረም። ግን እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራ እንደገና አርግዛ ነበር። ልጅ የቀበረ ሰው የማንንም ምክር ይሰማል።

አባቴ በግቢያችን አበቦች መሐል ድንጋይ ደርድሮ መንገዱን እንደ እባብ አጣመመው። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አቶ በቀለ፣ ይኼ እኮ የወራባ መንገድ ነው!»

«ጅብ ደግሞ መንገድ አለው እንዴ?»

«ወላሂ አለው! በዚህ አልፎ በግንቡ ቀዳዳ ይገባል። ጂኒውን የሚበላልን እሱ ነው። እርጉዝ ቤት አስቀምጠው መንገዱን ያጣምሙበታል?»

«ቻይናዎቹ እኮ…»

«ቻይናዎቹ ወራባ አላቸው?»

አባቴ ድንጋዩን ግን አላነሳም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ሐረር ላይ ያውቁታል፣ ያውም ያነጥፉለታል።

በማግስቱ ጠዋት ግቢውን ልጠርግ ስወጣ የጅብ ዱካ አየሁ። በአጥሩ ሥር ገብቶ፣ አንዲት ድንጋይ ሳይረግጥ፣ መንገዱ በታጠፈበት ሁሉ እየታጠፈ በራችን ድረስ መጥቷል። የመመለሻ ዱካ የለውም።

አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝና ድንጋዩን ይለቅም ጀመር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ ወዲያ ለወራት ዱካ አላየሁም። አለማየቱ ባሰብኝ።

እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁም ጠና። በክርስትናው ዕለት አባቴ ለእንግዶቹ ስለ ቻይና አወራ። እትዬ ፋጡማ «አልሐምዱሊላህ፣ ወራባው ነው!» አሉ። እናቴ የቁልቢውን ገብርኤል አመሰገነች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። በክርስትናው ማግስት ደጃፋችን ላይ አራት የጅብ እግሮች ታትመው አገኘሁ። መምጫ የላቸውም፣ መሄጃም የላቸውም። ጥፍራቸው ወደ ውጭ፣ ተረከዛቸው ወደ እኛ ነው፤ ዘበኛ እንደሚቆመው።

«ይቺ ሰነፍ! ዛሬ ደጁ አይጠረግም?» አለች እናቴ ከውስጥ፣ ልጁን እያጠባች።

መጥረጊያውን ደበቅሁት።