ከትምህርት ቤቱ ታሪክ የጎደለው

እኔ ባደግሁበት ሰፈር «ወላጅ አምጣ» ከተባለ ወይ መስኮት ተሰብሯል፣ ወይ ጥርስ ወልቋል። ወላጅም የልጁን ጥፋት ገና ሳይሰማ «ሁለተኛ አይለምደውም» የሚለውን ቃል መንገድ ላይ አጥንቶ ነው የሚደርሰው። አሜሪካ ውስጥ ወላጅን ለምስጋናም ይጠሩታል ይላሉ። ይላሉ ነው እንግዲህ። አብሮኝ ያደገውን ፍርሃት ማን ያስጥለኛል?

ባለፈው የጸደይ ወራት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የልጄ የሶስና ትምህርት ቤት ኮል አደረጉልኝ። ሶስና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። «ነገ ከሰዓት ይምጡ፤ ስለ ልጅዎ እንነጋገራለን» አሉኝ፤ ሌላ ነገር የለም። ምን አድርገሽ ነው ብላት «ኢትስ ፋይን፣ ዳድ» አለችኝ። ልጅ በእንግሊዝኛ ደህና ነው ስትል ምን ማለት እንደሆነ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ የዜግነት ኢንተርቪዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የፈሩት ይደርሳል እያልኩ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

ምክትል ዳይሬክተሯ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ሶስና ቀድማ ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጣለች። ገና ወንበር ሲያሳዩኝ «ሁለተኛ አይለምዳትም» አልኳቸው። የማይለምዳት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ታሪኩን መግቢያው ላይ በፎቶግራፍ ደርድሯል፤ ያው ዋንጫ ነው፣ የኳስ ቡድን ነው፣ የምረቃ ቆብ ነው። ሶስና ደግሞ ለታሪክ ክፍሏ ጎረቤታችንን ሚስ ዶሮቲን አነጋግራ ኖሯል። ሚስ ዶሮቲ ሰማንያን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ግን እዚህ ጥቁር ተማሪ አይገባም ነበርና የተማሩት ሮክቪል የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ በባስ እየተመላለሱ ነው። ልጄ ይህንን በአንድ ገጽ ጽፋ ፎቶዎቹ መሃል ለጠፈችው። አነሱት። መልሳ ለጠፈችው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አነበብኩት።

«ሐሰት አለበት?» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«የለበትም። ፈቃድ ግን አልጠየቀችም።»

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ይቅርታ ጠይቂ ካልከኝ እጠይቃለሁ። ግን ሚስ ዶሮቲ ቅዳሜ ለበዓሉ መጥተው እንዲያዩት ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አለች፤ በአማርኛ። ይህን ያህል አማርኛ ከአፏ በአንድ ጊዜ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ያጠናሁትን ይቅርታ ተውኩት።

«ፈቃድ የሚጠየቀው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

በፎርም ነው ተባለ። ያን ሰሞን ስሜ ያለበት ወረቀት ሁሉ በቀጥታ ኢሚግሬሽን የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። ቢሆንም ፈረምኩ። ዓርብ ዕለት ተፈቀደ፤ አንዲት ቃል ሳትቀየር፣ እንዳለ ይለጠፍ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር።

ቅዳሜ ሚስ ዶሮቲ ሰማያዊ ባርኔጣ አድርገው መጡ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ባይወዱትስ እላለሁ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ በመጨረሻ። «ባሱን ቆመን የምንጠብቀው እዚሁ በር ላይ ነበር።»

ሶስና እስክሪብቶ አወጣች። ግራና ቀኜን ቃኘሁ፤ ምክትል ዳይሬክተሯ ከወዲያ ማዶ እያዩን ነው። ወረቀቱ እንዳይንሸራተትባት ጥጉን ያዝኩላት።