ክትባቱ የጾም ነው የፍስክ?

ለሰው ሆድ ከባለቤቱ በላይ የሚጨነቅ ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ እግዚአብሔር እትዬ ጥሩወርቅን ሰጥቶኛል፤ ተመስገን።

በፍልሰታ ጾም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ልጄን ሳላይ ኮሮና እንዳይወስደኝ ፈርቼ፣ ከቁስቋም ወደ ጤና ጣቢያ ልከተብ ስወርድ እትዬ ጥሩወርቅ ተከተሉኝ። ነርሷ መርፌውን ስታነሣ ክንዴን ያዙት።

«ቆይ! የጾም ነው የፍስክ?»

«እማማ፣ ክትባት እኮ አይበላም» አለች ነርሷ።

«ምነው፣ ከእንቁላል ይሠራል ሲሉ አልሰማሽም? ደሟ ውስጥ ገብቶ ወዴት ሊሄድ ነው? ከልጁ ዘንድ አይደለም?»

ይህን ጥያቄ ሊቃውንቱም ያሰቡት አይመስለኝም። ከኋላችን የነበሩ ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነጠላቸውን ሰብስበው ሊመለሱ ተነሡ፤ እኔም ልቤ ፈራ። ነርሷ ግን ሳትቆጣ የክትባቱን መግለጫ ወረቀት ከካርቶኑ አውጥታ አነበበች።

«እንቁላልም ወተትም የለበትም። የጾም ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ሸጋ! ለእኔም አንድ ይምጣልኝ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሁላችንም ተከተብን።

ልጄ በደህና ተወለደች። እትዬ ጥሩወርቅ ግን እስከ ዛሬ ላገኙት ሁሉ፣ «እኔ ባልጠይቅላት ኖሮ ይቺ ልጅ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ጾም ገድፋ ነበር» ይላሉ።