የሃምሳ አለቃ ሩሎፍ ጓደኛ

በየመንገዱ አንድ ሰው አለ። ብስክሌትህን ሳትቆልፍ ብትገባ በርህን አንኳኩቶ የሚነግርህ፣ አጥርህ ሁለት ጣት ቢረዝም ሜትር ይዞ የሚመጣ፣ እንግዳህ መኪናውን የት እንዳቆመ ካንተ በፊት የሚያውቅ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረው አይችልም። ከንቲባ ይቀየራል፣ ፖሊስ ይዛወራል፤ እሱ ግን መስኮቱ ላይ ነው።

ከግሮኒንገን በባቡር ብዙ በማትርቅ አንዲት የሆላንድ ከተማ፣ ሊንደን መንገድ ላይ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሃምሳ አለቃ ሩሎፍ ናቸው። "ክቡር" የሚለውን የጨመሩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። "ሃምሳ አለቃ" ያላቸው ግን ሠራዊቱ ነው። በወጣትነታቸው የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ አድርገው ሊባኖስ ውስጥ ሰላም አስከብረዋል። ስለዚያ አያወሩም። ስለ ቆሻሻ በርሜል ግን ያወራሉ።

የበርሜሉ ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ማክሰኞ አረንጓዴው ይወጣል፣ በሚቀጥለው ግራጫው። ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ ካላንደር ይልካል፤ ሊንደን መንገድ ላይ ግን ካላንደር የሚያይ የለም። ጠዋት መጋረጃ ገለጥ አድርጎ የሃምሳ አለቃን በር ማየት ይበቃል። እሳቸው ያወጡት ቀለም የዕለቱ ቀለም ነው።

ግድግዳ የምትጋራቸው ዲነከ ናት፤ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር፣ ባሏ የሞተባት። በባሏ ቀብር ዕለት ሃምሳ አለቃ የአስከሬን መኪናውን ሹፌር መስኮት አንኳኩተው፣ የእሳት አደጋ ውሃ መክፈቻ ፊት ለፊት እንደቆመ ነገሩት። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ወደፊት ፈቀቅ አለ። ሟቹም አብሮ ፈቀቅ አለ። ዲነከ በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ሌላ ጊዜ ሾርባ ጥዳ፣ ረስታው ገበያ ወጣች። ስትመለስ የወጥ ቤቷ መስኮት ተሰብሮ፣ ምድጃው ጠፍቶ፣ ሃምሳ አለቃ ስብርባሪውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው የሚታወቁበትን ቃል ተናገሩ፦

"እኔ ባላይስ ኖሮ?"

ይህቺ ቃል ማኅተማቸው ናት። ያልተቆለፈ ብስክሌት፣ ያልጠፋ መብራት፣ የተከፈተ መስኮት፣ ሁሉም ላይ ትመታለች። የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

በመንገዱ ጫፍ ላይ ኦርላንዶ የሚባል፣ ወላጆቹ ከሱሪናም የመጡ ሰው "አረንጓዴው ጀልባ" የሚል ቤት አለው። ኮፊሾፕ ይሉታል፤ ቡና ብሎ የሚገባበት ግን የለም። የሚሸጠው ካናቢስ ነው፣ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ። ሃምሳ አለቃ በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ጦር ሜዳ ላይ ናቸው። የደንበኞቹን ብስክሌት አቋቋም ያርማሉ፤ ደንበኞቹን በጅምላ "ሀሺሻም" ይላሉ።

"ለመተኛት ሣር የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ ሥራ ይሞክር" ይሉ ነበር።

ዘንድሮ በጸደይ ግን ጦርነቱ ጥይት አገኘ። የካናቢስ ሽታ፣ ከዚህ በፊት ከመንገዱ ጫፍ አልፎ የማያውቀው፣ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ጓሮ ለጓሮ ይዞር ጀመር። ሃምሳ አለቃ አቤቱታ አዘጋጅተው ቤት ለቤት ዞሩ። ዲነከም ፈረመች። ሽታው በርግጥ ነበር፤ ደግሞም ሃምሳ አለቃን እምቢ ከማለት መፈረም ያሳርፋል። ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። አቤቱታው እውነት ከሆነ የኦርላንዶ ፈቃድ ይነጠቃል።

ከስብሰባው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ዲነከ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ፋርማሲ ገባች። ፋርማሲው ወለል ላይ ቢጫ መስመር አለ። ተራ ጠባቂ ከመስመሩ ወዲህ ይቆማል፤ ከመስመሩ ወዲያ የሚባለውን ደግሞ አይሰማም። ማለት፣ ይሰማል፤ ግን እንዳልሰማ ይሆናል።

ከመስመሩ ወዲያ ሃምሳ አለቃ ሩሎፍ አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ይንሾካሾካሉ። አዲሷ ሠራተኛ ግን ድምፅዋ የገበያ ነበር።

"አበባው ደርቆ ተፈጭቶ ነው የመጣው፣ አቶ ሩሎፍ። በማሞቂያው አትንነው ነው የሚስቡት አይደል? እንዳያጨሱት፣ ለሳንባ አይሆንም። ቅዠቱስ ቀነሰልዎ?"

ወረፋው በሙሉ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሳል ሽሮፕ ያይ ጀመር። ሃምሳ አለቃ የወረቀት ከረጢቷን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ዞሩ። ዲነከን አዩ። ከዚያ እግሯን አዩ።

"መስመሩን ረግጠሻል" አሏት።

ዲነከ እግሯን ሳበች።

"ለአንድ ጓደኛዬ ነው" አሉ፣ ወደ በሩ እየሄዱ።

"ሰላም በልልኝ" አለች ዲነከ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ጓሯቸውን ከጓሮዋ የሚለየውን አጥር ይከረክሙ ነበር። ዲነከ ልትነካካቸው ፈልጋ፣ "ጓደኛህ ተኛ?" አለች።

መቀሱ ቆመ።

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ጥሩ ነው?"

"ድሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እየጮኸ ነበር የሚነሳው።"

ግድግዳው ቀጭን ነው። ያንን ጩኸት ዲነከ ለዓመታት ሰምታለች። በሰማች ቁጥር ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋለች፤ ጠዋት ሲገናኙ ስለ አየሩ አውርታለች። ሌላ ሰው ጓዳ አይገባም ብላ ነበር። አሁን ግን ያ ጨዋነት ምን እንደሚመስል ታያትና ፊቷ ጋለ።

"ሐኪሙ ምን ይላል?"

"ሐኪሟ። ሴት ናት። የሕመሙ ስም ፒቲኤስዲ ነው አለችው። ያየኸው ነገር ካለፈ በኋላ አላልፍም ሲል ማለት ነው።"

"ሣሩስ ያድናል?"

"አላለችም። ጥናቱ ገና ነው አለች። አንዳንዱን ያስተኛል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ያባብሳል፤ አንተ የትኛው እንደሆንክ አስቀድሜ አላውቅም አለችው። ከምክሩ ጋር አብረን እንሞክር፣ ካልሆነ እናቆማለን።"

"ምክሩ ምንድን ነው?"

"ቁጭ ብሎ ማውራት።"

"እሱ እንኳ ቀላል ነው።"

"እሱ ነው የከበደው" አሉ ሃምሳ አለቃ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ቆረጡ።

እንዲህ ተለመደ። ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ ይገናኛሉ፣ ስለ ጓደኛው ያወራሉ። ጓደኛው ምግብ ጀመረ። ጓደኛው ትናንት ትንሽ አብዝቶ ወስዶ ልቡ መታበት፤ ሐኪሟ ተቆጣች። አንድ ቀን ዲነከ፣ "ጓደኛህ ምንድን ነው ያየው?" ብላ ጠየቀች።

"ምንም አላየም። ችግሩ አለማየቱ ነው።" ሃምሳ አለቃ መቀሱን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። "ኬላ ላይ ነበር። ማገጃውን የሚያነሳው እሱ ነው። አንድ ቤተሰብ በአሮጌ መኪና መጣ። ፈተሸ። ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ማገጃውን አነሳላቸው፣ ልጆቹን በእጁ ተሰናበተ።"

ሃምሳ አለቃ መቀሱን አጥሩ ላይ አስቀመጡ።

"ፈንጂው ከማገጃው ትንሽ እልፍ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነበር። አፈሩ ተቆፍሮ ነበር። ከቆመበት ይታያል፣ ላየ ሰው።"

ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች፤ ያን ቃል የሚሉት ሰው ጭነው ያልነዱ ሰዎች እንደሆኑ ታውቃለች። የወጥ ቤት መስኮቷን ሰብረው "እኔ ባላይስ ኖሮ?" ያሉት ቃል ከየት እንደመጣ ግን ያን ቀን ገባት።

ሃምሳ አለቃ እንደ ወትሮው፣ "በቃ፣ ሥራ አለኝ" ብለው ጓሯቸው ጥግ ያለው የዕቃ ቤት ገቡ። በሩን ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣ።

ኦርላንዶ ቀጠሮ ይዞ ዲነከ ቤት የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ቡና ቀዳችለት፣ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈተች፣ አንድ አነሳ፣ ዘጋች። እዚያ አገር ለማንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ብስኩት፣ ክዳን። የዚያን ቀን ግን ክዳኑ ሲዘጋ የበር ያህል ጮኸ።

"ወይዘሮ ዲነከ፣ አዲስ ማጣሪያ አስገጥሜያለሁ። ቆሜ አሸትቻለሁ፣ ከእኔ ቤት ምንም አይወጣም። እርስዎ ፈርመዋል። ከየት በኩል ነው የሚመጣብዎት?"

"ከ... ነፋሱ ይለዋወጣል" አለች ዲነከ።

ኦርላንዶ ስኒውን አየ። "ፈቃዱ ከሄደ ቤቱ ሄደ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።"

"ይገባኛል" አለች። ከዚህ ሌላ የተናገረችው የለም። ሲወጣ ኮቱን አቀበለችው፣ ዓይኑን ግን አላየችም።

በማግስቱ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። "ጓደኛህ የኦርላንዶን እንጀራ ሊዘጋ ነው።"

"ኦርላንዶ ሌላ ሥራ ያገኛል።"

"ሩሎፍ።"

"ሰዎቹን ስንት ዓመት ሙሉ ሀሺሻም ስል ኖርኩ፣ ዲነከ። ሁሉም ሰምቷል። አሁን ምን ብዬ ነው..." አቆሙ። "ጓደኛዬ ያፍራል።"

"ይፈር። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።"

ይህን ስትል እንደማትናገር ታውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ሁለቱም አጥሩን እያዩ ቆሙ።

ስብሰባው በሰፈሩ አዳራሽ ነበር። ኦርላንዶ ክራቫት አድርጎ ጥግ ተቀምጧል። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ወጣት ሴት አቤቱታ አቅራቢውን ጋበዘች። ሃምሳ አለቃ ተነሱ፣ የኮታቸውን ቁልፎች ሁሉ ቆልፈው። ሽታው በየትኛው ወር እንደጀመረ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ እንደ ጦር ሜዳ ሪፖርት ዘረዘሩ። ሰዓቱን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

"በጣም ዝርዝር ነው፣ እናመሰግናለን" አለች ሴትዮዋ። "በእርስዎ ግምት ምንጩ የት ነው?"

ጥያቄው የይስሙላ ነበር፤ እስክሪብቶዋ "አረንጓዴው" ብሎ ጀምሯል። ዲነከ ጫማዋን ታይ ነበር። መልሱ ሲዘገይባት ቀና አለች፤ ሃምሳ አለቃ የሚያዩት እሷን ነበር።

"ከእኔ የዕቃ ቤት" አሉ።

"ይቅርታ?"

"ከእኔ የዕቃ ቤት ነው። ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። ለእንቅልፍ።" ከዚያ ወደ ዲነከ ዞረው፣ ክስ እንደሚያነብ ሰው፣ "ጓደኛ የሚባል ሰው የለም" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ የሳል ሽሮፕ አልነበረም፤ ሰዉ ጣሪያ ጣሪያ አየ። መጀመሪያ የተናገረው ኦርላንዶ ነው።

"የሽታውን ዓይነት አውቄው ነበር። እኔ ያንን አልሸጥም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ ሀሺሽ ሻጭ ነኝ፣ እሳቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው። እርስዎ ማንን ያምኑ ነበር?"

የፈረሙት ሁሉ ጣሪያውን ትተው ወለሉን አዩ። ከሁሉም ዝቅ ያለው የዲነከ ራስ ነበር።

"አቤቱታው ይሰረዝ" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ሕግ ሕግ ነው። ቅጣቱ በእኔ ላይ ይጻፍ።"

"መድኃኒት በመውሰድ ቅጣት የለም፣ አቶ ሩሎፍ። መስኮቱን ዘግተው ቢጠቀሙ ይበቃል።"

ቅጣት አለመኖሩ የከበዳቸው ይመስሉ ነበር። ሌላ ሰው እስኪናገር ሳይጠብቁ ወጡ።

በማግስቱ መጋረጃቸው ተዘጋ። ሊንደን መንገድ ላይ መጋረጃ ቀን አይዘጋም፤ ሰው ሁሉ ሳሎኑን ለመንገድ ከፍቶ ነው የሚኖረው። የሃምሳ አለቃ ተዘግቶ ሰነበተ። ያለ ቀጠሮ ሄዶ የሚያንኳኳ አልነበረም፤ ሁሉም አፍሯል፣ ሁሉም ማፈሩን አክብሮት ብሎ ጠርቶታል። ዲነከ የብስኩት ቆርቆሮውን ይዛ ኦርላንዶ ጋ ሄደች። ክዳኑን ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ሦስት አነሳ፤ ምንም አልተባባሉም።

መንገዱ ግን ተበላሸ። ብስክሌቶች መተላለፊያው ላይ ተጋደሙ። የአንዱ ቤት መብራት ሦስት ቀን ሲነድ የነገረው የለም። ግድግዳው በኩል ደግሞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዲነከ ያንን ድምፅ እንደገና ሰማች። ሽታውም ጠፍቷል፤ መድኃኒቱን ትተውታል። ሬዲዮውን አልነካችም። በጡጫዋ ግድግዳውን ሁለቴ መታች። ጸጥ አለ። ቆይቶ ከወዲያ በኩል ሁለቴ ተመታ።

ማክሰኞ ጠዋት የግራጫው ተራ ነበር። ዲነከ ካላንደሯን ፈልጋ አጣርታለች። ከዚያ አረንጓዴውን በርሜል አወጣች፣ ክዳኑን እንደተከፈተ ትታ፣ ጎማውን ወደ መንገድ አዙራ፣ ሃምሳ አለቃ መስኮት ፊት ለፊት ገተረችው። ገብታ ቡና አፈላች።

መጋረጃው ወዲያው ተነቃነቀ። ተመለሰ። እንደገና ተነቃነቀ። ሁለተኛ ስኒዋን ሳትጨርስ ሃምሳ አለቃ በነጠላ ጫማ በሯ ላይ ቆመው ነበር፣ ጸጉራቸው ሳይበጠር።

"ዲነከ። ዛሬ ግራጫ ነው።"

"እውነትህን ነው?"

ሃምሳ አለቃ መንገዱን እያዩ ነበር። ዲነከም ዞራ አየች፤ ይህን እንኳ አላሰበችውም። ከእሷ በር እስከ አረንጓዴው ጀልባ ድረስ፣ በግራም በቀኝም፣ በየደጁ አረንጓዴ በርሜል ቆሟል። የሃምሳ አለቃ ደጅ ላይ በርሜል ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ መጋረጃ ገልጦ የእሷን አይቶ ነበር ያወጣው።

ሃምሳ አለቃ አንድ በአንድ አዩአቸው። ሰዓታቸውን አዩ። መኪናው ሊደርስ ነው።

"አንተ ባታይስ ኖሮ?" አለች ዲነከ።

ተመልሰው ቤታቸው ገቡ። ዲነከ መጀመሪያ መጋረጃው ሲከፈት ቀለበቶቹ ሲንሸራተቱ ሰማች፣ ቀጥሎ ጫማ ሲፈለግ።