ባሌን ማን አረጋጋው?

ባሏ ተቆጥቶ ስለገባ የምትማረር ሴት ሞልታለች። ባሏ ፈገግ ብሎ ስለገባ እንቅልፍ ያጣች ግን ከእኔ ሌላ ካለች ትምጣ፤ እህቴ ናት፤ አብረን እንቃጠል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ መኳንንት ከቢቸና ሞጣ ሚኒባስ ይነዳል። ሹፌር ያገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማታ መጀመሪያ ቤት የሚገባው ድምፁ ነው። የመንገዱን ጉድጓድ ይሰድባል። ትራፊኩን ይሰድባል። ሂሳብ ሲባል ማንኮራፋት የሚጀምረውን ተሳፋሪ ይሰድባል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ወጡ ጨው በዝቷል» ይላል። እኔም አፍ አላጣሁ፤ እመልስለታለሁ። እንዲህ ስንባባል እራት ያልቃል፣ እንተኛለን። እኛ ቤት ትዳር የሚባለው ይሄ ነበር።

አንድ ማታ ታዲያ ገባ፤ ድምፅ የለም። «እንዴት ዋልሽ የእኔ እመቤት?» አለኝ። ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞር አልኩ። ለካ እመቤቷ እኔ ነኝ! እራት አቀረብኩ። የዚያን ቀን ጨው ጭራሽ መጨመር ረስቻለሁ፤ ዝም ብሎ በላ። ላጎርሰው ጠጋ ስል ከአንገቱ አንድ ነገር ሸተተኝ። ናፍጣ አይደለም። ላብ አይደለም። አበባ ነው፤ ያውም እኛ ሰፈር የማይበቅል አበባ።

ቆሽቴ አረረ።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ እንዲህ በሰላም ይገባል? አይገባም። አንድ ሰው አረጋግቶታል። ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። ሴትዮዋ ቁጣውን እዚያው አስወልቃ፣ አጥባና ተኩሳ ነው የምትልክልኝ! ሰርቃኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አሳምራ መመለሷ ነው ያንገበገበኝ። እኔ ስንት ዘመን ለፍቼ ያላመጣሁትን ፈገግታ እሷ በአንድ ቀን አመጣችው ማለት አይደል?

የልብስ ስፌት ቤቴ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ሲሰፋ ዓይኔ የመኳንንትን ጋቢና ይጠብቃል። ከሹፌር አጠገብ ማን ተቀምጦ መጣ? አንድ ቀን ነርስ ወረደች። አንድ ቀን ጥላ የያዙ ቄስ ወረዱ። አንድ ቀን ሰው አልነበረም፤ ጆንያ ጤፍ ነው የተቀመጠው። ጤፉንም ቢሆን በደንብ አየሁት። በዚያ ሳምንት የአንዱን ሰውዬ ሱሪ እግር አሳጥሬ ሰፍቼ ተሰድቤያለሁ።

ይባስ ብላ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ነዳጅ ጨመረችብኝ። ከሞጣ በባልሽ መኪና መጣሁ አለች። ደብረ ወርቅ ልጇ ጋ ልትወርድ ነበር አሉ የተሳፈረችው። የእኛን አገር ተሳፋሪ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ከተከፈተ ብርድ መታኝ ብሎ ኡኡ ይላል። መስኮቱ ሁሉ ድርግም ብሎ ተዘግቷል፤ ውስጡን ያ የአበባ ሽታ ሞልቶታል። አንዱ አዛጋ። ሌላው ተከተለው። እሷም ዓይኔን ትንሽ ልክደን ብላ ስትገልጥ ቢቸና ናት። «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም፤ ሹፌሩም አብሮን አለመተኛቱ የእግዜር ሥራ ነው» ትለኛለች፤ ደስ ብሏት እኮ ነው! እኔ እዚህ በእንቅልፍ እጦት ዓይኔ ጎድጉዷል፣ የእኔ ባል የሞጣን ሕዝብ ያስተኛል።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሽታ ከሆነ የወደደው ሽታ አይቸግረንም አልኩና ከገበያ ጠጅ ሳርና አሪቲ ገዝቼ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ጎዘጎዝኩት። መኳንንት በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየና ማን ሊዳር ነው አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ በዚያ አዲስ ፈገግታው ፈገግ አለ። ጥርሱን ሳየው ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ የምታህል ብልቃጥ አገኘሁ። ከፈትኳት፤ ሽታዋ አፍንጫዬን ሰነጠቀኝ። አበባው አይደለም፤ ያቺ ሴት ራሷ የምትቀባው ይሄንን ነው አልኩ። እሷ ከተቀባች እኔ ምን አነሰኝ? ሴት ልጅ ደግሞ ሽታ የምታሳርፍበት ቦታ የታወቀ ነው። ለፀጉሬ ያዘጋጀሁትን ለጋ ቅቤ አወጣሁና ብልቃጧን ገለበጥኩበት፤ ጠብታ አላስቀረሁም። አሸት አሸት አድርጌ አናቴ ላይ ደፋሁት።

አይ እኔ! ቅቤ ያበርዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እንዲህ ግን አያበርድም። አናቴ ላይ በረዶ የወረደብኝ መሰለኝ። ቅዝቃዜው ወደ ግንባሬ ወረደ፣ ወደ ጆሮዬ ዞረ፤ ዓይኔ እንባውን አወረደው። እየሮጥኩ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ገባሁ። ራሴን ገልጣ አሸተተች፣ አማተበች፤ ይሄ መተት ነው አለች። ባልሽን የወሰደችው ሴት አንቺን በብርድ ልትገድልሽ ነው አለችኝ። ከዚያ ምላሷን አዳልጧት መሰለኝ፣ መኳንንት ሞጣ ገበያው አጠገብ ከሽቶ ሻጯ ከሰሚራ ሱቅ ሲወጣ በዓይኗ እንዳየችው፣ ዝም ያለችውም እኔ እንዳይከፋኝ ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። አያችሁ ጎረቤት?

ያን ሌሊት አሞኛል ብዬ ተከናንቤ አደርኩ። ጠዋት መኳንንት መኪናውን ሊያስጠግን ጋራዥ ሲገባ፣ እኔ ራሴን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ባዶ ብልቃጤን ይዤ በሌላ መኪና ሞጣ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር። አስቀያሚ ትሁን፣ ጥርሷ የረገፈ ይሁን፣ ያረጀች ትሁን እያልኩ። ጸሎቴ አልተሰማም። ሰሚራ የሚሉት ልጅ ረዥም፣ ጠይም፣ ዓይኗ የተኳለ፤ ሂጃቧ እንኳ ከፊቷ ጋር የተማከረ የሚመስል ነው። እንዲህ ከሆነችማ እኔም ወንድ ብሆን ሽቶ እገዛ ነበር።

ብልቃጧን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ይሄንን ለባሌ የሰጠሽው አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። ባሌ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «የጋሽ መኳንንት ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ብላ እየሳቀች ከባንኮኒው ወጣች። ልትስመኝ ጠጋ ስትል ሽታው መታትና ቀጥ አለች።

«ወላሂ፣ ናናውን ራስዎ ላይ ነው እንዴ የደፉት?»

ለካ ብልቃጧ ውስጥ የነበረው የናና ዘይት ነው። መዓዛማ ዘይት ይባላል አለችኝ፤ ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ የሚወጣ። አንድ ሁለት ጠብታ ነው እንጂ አይደፋም፤ ራስ ላይማ ጭራሽ። ወንበር ሰጥታኝ የባሌን ውሎ ተረከችልኝ። ጠዋት ሲነሳ እንዳያንቀላፋው ናናውን መሐረቡ ላይ ጠብ ያደርጋል። ተሳፋሪው ሲነጫነጭ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት በጥጥ ነክሮ ፊት ለፊቱ ያስቀምጣል። ላቬንደር የሚባለውን የአበባ ዘይት አንዴ መኪና ውስጥ ሞክሮት ተሳፋሪው ሁሉ ስለተኛበት ትቶታል። አሁን አንገቱ ላይ የሚቀባው ማታ፣ መኪናውን አቁሞ ወደ ቤት ሲያዘግም ብቻ ነው።

ለምን ወደ ቤት ሲመጣ አልኳት።

«ለእርስዎ ነዋ! ‹ተናድጄ ስገባ ሚስቴ አፍ ላፍ ትመልስልኛለች፤ ከተኛን በኋላ ግን ስትገላበጥ ይሰማኛል። እሷ ሳትተኛ እኔ አልተኛም። ቁጣዬን በር ላይ የሚያስቀርልኝ ነገር ፈልጊልኝ› ብለው ለምነውኝ እኮ ነው።»

አለቀስኩ። ናናው ነው አልኳት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ራሴም ቅቤ፣ አንጀቴም ቅቤ። ደስታዬ ግን እግሬ ከሱቁ እስኪወጣ ድረስ አልቆየም። ቆይ እስቲ! እሷ ሳትተኛ አልተኛም? ይሄንን የሚያህል ቃል? እኔ ከተጋባን ጀምሮ የሰማሁት ስለ ጨው ነው፤ ይሄ ወርቅ የሚያክል ቃል ለሰሚራ? በዘይት ብቻ ስቀና የነበርኩት ሴትዮ አሁን በቃል ቀናሁ። የዚህኛው ደግሞ ባሰ።

ከሰዓት መኳንንት መኪናው ተሠርቶለት ሞጣ ተራ ይዞ አገኘሁት። ጋቢና ገባሁ። ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ ሻሹስ ምንድን ነው ቢለኝ በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። ከከተማው ስንወጣ ዞር አልኩና ለሰሚራ ያልካትን ለእኔ ንገረኝ አልኩት።

«ተሳፋሪ አለ እኮ፣ አንቺ!»

«ይስማ!»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ንፋሱ ድምፁን እንዳይወስደው መስኮቱን ዝጉት አለች። ለአንድ ጊዜ እንኳ የተዘጋ መስኮት ጠቀመኝ። አንድ መሪጌታ ከመጨረሻው ወንበር «በል ንገራት ልጄ፤ ሰው የሰማውን ነገር እኛም እንስማው» አሉ። መኳንንት ላብ በላብ ሆነ። መኪናውን ዳር አቆመ። መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ እኔን ሳይሆን አስፋልቱን እያየ፣ ትራፊክ የያዘው ይመስል በቁጣ ጮኸ።

«አንቺ ሳትተኚ እኔ አልተኛም! በቃ?»

እልልታው! ሴትዮዋ እንደ ሰርገኛ አቀለጠችው። እኔም በሰው ፊት አፍሬ፣ ሻሼን ዓይኔ ድረስ ጎተትኩት። ቢቸና እስክንደርስ አንድም ሰው አልተኛም።

አሁን ሰላም ነው። ዘይቱን ግን እሱ ሄዶ አይገዛም፤ እኔ ነኝ የምሄደው። ከሰሚራ ጋር ክፉኛ ተወዳጅተናል፤ ከእሷ የምደብቀው የለም። መኳንንት ሲስቅ ግራ ጉንጩ ላይ የምትጎደጉደውን ነገር እንደምወዳት ነግሬያታለሁ። ሲዘገይ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደሚያቅተኝም ነግሬያታለሁ። ለእሱማ ምን በወጣኝ!

ባለፈው ከሞጣ አምሽቼ ስገባ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ከዚያች ልጅ ጋር ይሄን ያህል ሰዓት ስለ ምን ታወራላችሁ?» አለኝ።

ስለ ዘይት ነዋ አልኩት። ይቅና ትንሽ።