ለወፏ የታጠረው ጨፌ

ከመጠላት የሚከፋ ነገር ቢኖር በኮሚቴ መወደድ ነው። የጠላችሁ ሰው ቢበዛ ያማችኋል፤ ሲብስበት ድንበር ይገፋችኋል። ኮሚቴ የወደዳችሁ ዕለት ግን ዕቅድ ይወጣላችኋል፣ ስብሰባ ይጠራላችኋል፣ በመጨረሻም አጥር ይታጠርላችኋል። "ኧረ ተዉኝ" ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ የተደከመው ለእናንተው ነዋ። አጋነንክ እንዳትሉኝ። እኔ ይህን ያየሁት በአንዲት ወፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ያኔ ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚያዘልቀው ደጋ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። ግምገማ ከጸሎት እኩል የሚዘወተርበት ዘመን ነው፤ አስተማሪ ደግሞ ወንበር ስላለው በየስብሰባው ከነወንበሩ ይጠራል። ከትምህርት ቤቱ በታች ሰፊ ጨፌ አለ፤ ክረምት ከበጋ ውኃ የማይለየው፣ ዳር ዳሩን ጅብራ የቆመበት፣ መካከሉን ከብት ግጦ ግጦ ምንጣፍ ያስመሰለው ረግረግ። እዚያ ላይ ደረቷ ነጠብጣብ፣ እግሯ ረዘም ያለ አንዲት ወፍ ትኖራለች። ሰዉ ጯሂት ይላታል፤ አንድ ቀን ጠጋ ያላት ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጎጆ ልሥራ ብላ አትደክምም። ክረምት ሲገባ፣ ሣሩ ያጠረበትን ቦታ መርጣ፣ መሬቱን በደረቷ ጎድጎድ ታደርግና ከእበቱ አጠገብ ዝንጉርጉር እንቁላሎቿን ትጥላለች። ላም ስትጠጋባት ክንፏን ዘርግታ ትጮህባታለች፣ ላሚቱም ዞር ብላ ታልፋለች። ወፍና ከብት እንዲህ ተቻችለው ስንት ዘመን ኖረዋል፣ ያለ አንዳች ስብሰባ።

አንድ ክረምት ከላሊበላ አንድ ፈረንጅ አስጎብኚ አስከትሎ በበቅሎ መጣ። እንደ ሌላው ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ እንደመሄድ ጨፌው ላይ በሆዱ ተኝቶ ዋለ። ሰዉ የታመመ መስሎት ጠበል ይዞለት ሮጠ። አስጎብኚው ግን ሰውዬው ደህና እንደሆነ፣ ይህች ወፍ ከአገራችን ውጭ እንደማትገኝ፣ ልንጠብቃት እንደሚገባም አስረዳን። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሲሳይ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ። ጥበቃ ሲባል ግን ከአጥር ሌላ የሚታየው ነገር የለም። የወፍ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመና፣ በዓመቱ ግንቦት ላይ ሁላችንም በዘመቻ ወጥተን ጨፌውን በድንጋይና በእሾህ አጠርነው፤ ከብት የተባለ እንዳይገባም ተከለከለ።

ከጨፌው አፋፍ ላይ እማማ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ቆቦ አግብታለች። የቀረቻቸው ቦራ የምትባል ላም ናት። ቅቤያቸው ከቦራ፣ እንጨት በሌለበት አገር ማገዷቸውም የቦራ ኩበት ነው። ጨፌው ሲታጠር ሌላው ከብቱን ወደ ዘመድ ነዳ፤ እሳቸው ወዴት ይንዱ? ቦራ ደጃቸው ላይ ታስራ ጎኗ እየገባ፣ ወተቷ እየነጠፈ ሄደ። በመጨረሻ እማማ ማጭዳቸውን ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ አንዳንድ እቅፍ ሣር ያጭዱላት ጀመር።

ጯሂት እንደ ልማዷ ክረምቱ ሲገባ መጣች። ሣሩ ከጉልበት በላይ ሆኖ ጠበቃት። ዞረች፣ ጮኸች፣ አሁንም ዞረች፤ ሐምሌ እስኪያልቅ አልጣለችም። በዚያ ሣር ውስጥ ቀበሮ ቢመጣባት በምን ታየዋለች? ያኔ ግን ይህን ያሰበ አልነበረም። ኮሚቴው ጨፌውን ቢያስስ እንቁላል የለም። ተሰብስቦ ራሱን ገመገመና ምንም ጥፋት አጣ። እንግዲያው እንቁላሉ ተሰርቋል ማለት ነው።

በእኛ አገር ሌባ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤት መግባት የለም። የሚጠቁመውም ሰው ማንነቱ አይገለጥም። ለበሬ ሌባና ለቤት አቃጣይ የኖረ ሥርዓት ነው፤ ለወፍ እንቁላል ሲጠራ ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ፍልሰታ ነበር፤ ጾማችንን ይዘን፣ ዝናብ እየወረደብን ዋልን፤ በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ አንድ የማይታወቅ አፍ የእማማን ስም ጠራ። አጥሩ ውስጥ ታይተዋል አለ።

"ገብተዋል ወይስ አልገቡም?" አለ አቶ ሲሳይ።

"ገብቻለሁ ልጄ። ለቦራ ሣር አጭጃለሁ።"

"እንቁላሉንስ?"

"በፍልሰታ እንቁላል? ያውም የአውሬ?" አሉና ወደ ንስሐ አባታቸው ዞሩ። "አባ፣ እርስዎ እንኳ ይናገሩልኝ እንጂ።"

አባ መሬት መሬት አዩ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዝናቡ እየበረታ ነበር፣ ጥፋተኛ ካልተገኘ ደግሞ ማንም ቤቱ አይገባም። ስለዚህ ተገኘ።

ቦራ ከቀበሌው ትውጣ ተባለ። እማማ ሙጃ ገበያ ወስደው ሸጧት፤ ቤታቸውንም ዘግተው ልጃቸው ወዳለችበት ቆላ ወረዱ። ደጋ የለመደ የአሮጊት ገላ የቆቦን ወባ እንደማይችል የማያውቅ አልነበረም። ሲሄዱ የቦራን ገመድ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ነበር። የሸኛቸው ሰው የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጳጉሜን ላይ ፈረንጁ ተመልሶ መጣ። ያን ሁሉ ሣር ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። አጥሩን ይዞ ሲዞር ዋለና ከቀዳዳው አጠገብ ድንገት ቆመ። እዚያ ሣሩ የአንድ አልጋ ያህል ቦታ ላይ እስከ ሥሩ ታጭዷል፤ በመካከሉ ጯሂት እንቁላሎቿን ታቅፋ ተኝታለች። በጨፌው ሁሉ ሌላ እንቁላል አልነበረም። ፈረንጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አስጎብኚውም ወደ እኛ ዞረ።

"ይህን ሣር ማን አጨደው? ወፏን ያተረፋት እሱ ነውና አመስግኑልኝ ይላል።"

ዓይናችን ሁሉ አፋፉ ላይ ወዳለው የተዘጋ ቤት ሄደ። አቶ ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኮሚቴው ነው" አለ።

ፈረንጁ እጁን ጨብጦ ፎቶ አነሳው። ፎቶው ተልኮ መጥቶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የእማማ ማንጠግቦሽ መርዶም በዚያው ሰሞን ከቆቦ መጣ። አጥሩ ግን ይበልጥ ተጠናከረ፤ ቀዳዳውም ተደፈነ። በዓመቱ ክረምት ጨፌው ላይ አንድም እንቁላል አልተገኘም። አቶ ሲሳይ አውጫጭኝ ጠራ። እኛም ነጠላችንን ተከናንበን ሜዳው ላይ ተቀመጥን፤ ዝናቡ ሲጀምር እያንዳንዱ ቀና ብሎ የጎረቤቱን ፊት ማየት ያዘ።