የአዴ ሐሊሞ ኮረብታ፣ ከላይና ከታች

መሬት ሲገዛ ወርዱንና ርዝመቱን የማይጠይቅ ሰው የለም። ጥልቀቱን የጠየቀ ግን አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አንዲት ሴት አጋጥማኛለች። ያውም ገዢ አልነበረችም፤ ተከሳሽ ነበረች።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቴ ኦሮሞ ናት፤ አባቴ በባቡር ሥራ ከሸዋ የመጣ ነው። ሶማሊኛውን ደግሞ መጋላ ሰፈር ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ ለመድኩት። ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ ባለጉዳዩ የሚናገረው ግን በመጣለት ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ ደግሞ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። ባለጉዳዩ «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ነው የሚለው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት ግመል ተሰርቆብኝ፣ ሚስቴን ፈትቼ፣ ከምሳ በፊት ደግሞ ባል ሞቶብኝ እወጣ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዴ ሐሊሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቢዮ አዋሌ ገጠር ሴት ናት። «አዴ» በእኛ አገር ለትልቅ ሴት፣ «ኦቦ» ደግሞ ለትልቅ ወንድ የሚሰጥ ክብር ነው። «ናት» ማለቴን አትቀየሙኝ፤ ድሬ አንቱታ አይወድም። ባሏ ሙሳ ሲሞት ፍየሎቿን የምታሰማራበት አንድ ድንጋያማ ኮረብታ ቀረላት። ኮረብታውን ማንም ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። ፍየሎቹ እንኳ ሌላ ቦታ ቢያገኙ አይወጡትም። አንድ ክረምት ግን ጎርፍ ዳገቱን ገመሰውና የሚያበራ ድንጋይ ወጣ።

ድንጋይ ስላችሁ የምታውቁት ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ይገለጣል። አንዱን ላጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ብታነሡት እንደ መስተዋት ያሳልፋል፤ እሳት ላይ ብትጥሉት አይቃጠልም። አዋቂዎቹ ሚካ ይሉታል። ለማስረጃ ቀርቦ ዳኛው በእጃቸው ሲያገላብጡት ቆዩና ለእኔም አቀበሉኝ። አሻግሬ አየኋቸው። የማር ቀለም ለብሰው ተቀምጠዋል። ፈጣሪ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ከፍየል ኮቴ ሥር የሚደብቀው ለምንድን ነው?

የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ይባላል። ድንጋዩ ባበራ ማግስት የሟቹ ወንድም ኦቦ ሙሜ፣ ኮረብታው የአባቴ ነው ብሎ ሐሊሞን ከሰሳት። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ጫፍና ጫፍ ይቀመጣሉ፤ አይተያዩም። የሁለቱም አፍ እኔ ስለሆንኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ከረምኩ።

ውሳኔ ሊሰጥ ሲል ከአዲስ አበባ አንድ የማዕድን ሹም ደረሰ። ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና አዲሱን ሕገ መንግሥት ገለጠ። ማንም ይርታ ማን፣ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የመንግሥት ሀብት ነው፤ የሚቆፍረውም መንግሥት የፈቀደለት ብቻ ነው አለ።

ዳኛው ተርጉም አሉኝ። በምን አፌ? መሬት በወንዝ ሲከፈል አይቻለሁ፤ ወንድማማች በገመድ ሲካፈለውም አይቻለሁ። ከላይና ከታች ሲከፈል ግን ያን ቀን መስማቴ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይላል የአገሬ ሰው። ኮርቻው ያንተ፣ በቅሎዋ የመንግሥት ሲባልስ? እንደምንም ብዬ፣ ሣሩ የእናንተ ነው፣ ዛፉም የእናንተ ነው፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ግን የመንግሥት ነው አልኳቸው። ኦቦ ሙሜ ወለሉን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ሁለቱንም እግሮቹን ከወለሉ አነሣ። እኔም ሳላስበው የቆምኩበትን አየሁ።

ሐሊሞ ግን ጠየቀች። የእኔ ድርሻ ስንት ክንድ ወርዶ ነው የሚያበቃው? ሹሙ ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። ሕጉ ክንዱን አይናገርም። የግራር ዛፌ ሥር ወርዶ መንግሥት ግቢ ቢገባስ? ዳኛው አፋቸውን ሸፍነው ሳሉ። ሦስተኛውን ስትጠይቅ ድምጿ ዝቅ አለ። እኔም እንደ ደንቤ «እኔ» ሆኜ ተረጎምኩት።

«ባሌ ሙሳ የተቀበረው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። እሱም ከመሬት በታች ነው ያለው። ታዲያ እሱ የማን ነው?»

እንደ እኔ ያለ ባለ ሪዝ ወንድ «ባሌ» ሲል አንድም ሰው አልሳቀም። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ሹሙ መጽሐፉን ዘጋ።

«እሱስ የፈጣሪ ነው» አለ።

«እንግዲያው የፈጣሪን ሳትነኩ የመንግሥትን ውሰዱ» አለች።

ዳኛው መቃብር ያለበት ቦታ ሁሉ ታይቶ ይከለል፣ ሌላው ይቆፈር ብለው አዘዙ። በማግስቱ ሹሙም፣ ባለጉዳዮቹም፣ እኔም ወደ ኮረብታው ወጣን። ሐሊሞ የሙሳን መቃብር አሳየች፤ ሹሙ በኖራ ከበበው። ከዚያ ወደሚያበራው ዳገት ሄደና ይዞት ለመጣው ሠራተኛ እዚህ ጀምር አለው። ሰውየው ዶማውን አነሣ።

«በሕግ አምላክ።»

ኦቦ ሙሜ ነው፤ ያውም በአማርኛ። ከችሎት የለቀማት አማርኛ ይህችው ሳትሆን አትቀርም። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ደግሞ መቆም አለበት። ዶማው አየር ላይ ቀረ።

ሙሜ አንድ ድንጋይ ላይ እጁን ጫነና የአባቱን ስም ጠራ። አለፍ ብሎ የአያቱን። ከዚያ የአያቱን አባት። በእሱ አገር ሰው ዘሩን እስከ ላይ መቁጠር ከልጅነቱ ይማራል፤ እሱም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሻገረ ስም በስም ላይ ደረበ። ሐሊሞ ከኋላው እየተከተለች የሚስቶቻቸውን ስም ታቀብለው ጀመር። እነዚያ ተኮራርፈው የከረሙ ሰዎች! መተርጎሜን ተውኩት፤ ስም ምን ትርጉም ያሻዋል? የቆምኩበት ኮረብታ ከውስጥ በሰው እየሞላ የሚሄድ መሰለኝ፤ እግሬን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ሹሙ ባርኔጣውን አወለቀና ስም የተጠራበትን ድንጋይ ሁሉ በኖራ ይከብ ጀመር። ኖራው ሲያልቅ ዳገቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር።

ሙሜ ክሱን እዚያው አነሣ። ስንወርድ ሹሙ ጠጋ ብሎ፣ እውነት ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ተቀብሯል ወይ ብለህ ጠይቃት አለኝ። ጠየቅኳት።

«ካላመነ ቆፍሮ ይይ» አለች። «መጀመሪያ ግን መቃብር አለመሆኑን ያረጋግጥ።»

ሹሙ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። በኋላ፣ ለመሆኑ ይህችን ሴት ሕግ ያስተማራት ማነው አለኝ።

«እርስዎ ነዎት፤ እኔ ተረጎምኩ እንጂ» አልኩት።