ቅዳሜ የጮኸው ማሽን

ቋሚው ይሻላል ወይስ ጠላቂው? ይህን ጥያቄ ስሸከመው ዓመታት ሆነኝ። እኩዮቼ ስለ ትዳር ያስባሉ፤ እኔ ስለ ራውተር፣ እንጨት ላይ ቦይ ስለሚያወጣውና ጠርዝ ስለሚያለሰልሰው ማሽን አስባለሁ። ቋሚው ጥልቀቱ አንዴ ከተለካ ንቅንቅ አይልም፤ ከጣውላው ዳር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠላቂው ደግሞ በሁለት እጅ ሲጫኑት መሐል ለመሐል ይገባል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል። ስለ ሁለቱም ያላነበብኩት የለም። ብዙ ያነበበ ሰው ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ወገን ትክክል ይመስለዋል። መጽሐፎቼ እስከዚያው ወለል ላይ ተቆልለው የምሠራላቸውን መደርደሪያ ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ በጋፋት መንገድ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጋሼ ሞላ አዘኑልኝ። ሁለቱንም ወስደሽ ሞክሪያቸው፣ ቅዳሜና እሁድ እንደሆነ አንሠራባቸውም አሉኝ። እኔም ሥራ የማልገባው ቅዳሜና እሁድ ነው። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? ማሽኖቹ ለምን በእነዚያ ቀናት እንደሚያርፉ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት በተከራየሁበት ግቢ ጣውላዬን አጥብቄ አሰርኩና ቋሚውን አስነሳሁት። ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነኝ፤ ያን ዕለት ደብረ ታቦር በሙሉ ሰማኝ። የቤቱ ባለቤት የኔታ ይትባረክ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ዛሬ ምን ቀን ነው ልጄ አሉኝ። ቅዳሜ አልኳቸው። ለካስ ታውቂዋለሽ አሉ።

ሶኬቱን ነቀልኩና እንደ ተማረ ሰው መከራከር ጀመርኩ። ሥራ እኮ አይደለም የኔታ፣ የሚሻለኝን እየመረጥኩ ነው አልኩ። መምረጥማ ማን ከለከለሽ፣ ድምፁ ግን ሥራ ሥራ ይላል አሉ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ከምንና ከምን ነው የምትመርጪው ብለው ጠየቁኝ። ወሬ በሰንበት አይከለከልም። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

ጠላቂውን፣ ጠፍቶ እንዳለ፣ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ፈገግ አሉ። ዳሩን ሳይነካ ከመሐል ጀምሮ መሐል ላይ ያቆማል? አዎ አልኳቸው። ገቡና አትሮንሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ዳዊታቸው እየተንሸራተተ ጸሎታቸውን እንደሚያቋርጣቸው ነገሩኝ። ዳርና ዳሩ ሳይበሳ የዳዊቱ ግርጌ የሚያርፍበት አጭር ቦይ ቢወጣለትስ? አሉኝ። ይህን ቋሚው አይወጣውም። እኔም ብሆን የመደርደሪያዬ ቦይ ከፊት ለፊት እንዲታይ አልፈልግም። በቃ፣ ጥያቄዬ ተመለሰ።

ጋሼ ሞላን አስፈቅጄ ማሽኑን አቆየውና ሰኞ ከሥራ መልስ እሠራልዎታለሁ አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ሰኞ እኮ ሚካኤል ነው አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

እሁድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። የኔታ ናቸው። ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ማሽን ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም ወይ አሉኝ።

እናም ወስኛለሁ፤ የምገዛው ጠላቂውን ነው። የጋሼ ሞላን ማሽን ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ አልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ከእኔ ሳይሆን ከየኔታ።